ደጋ ላይ ያለፈ፣ ቆላ ላይ የተንሸራተተ፦ በባሌ ከፍታዎች የፍሪሲዮን ብልሽትን ስለ መለየት

መግቢያ

ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ አምባ የሚወጣ፣ ከዚያም በሪራና በሐረና ደን ቁልቁል ወደ ደሎ መና፣ አልፎም ወደ ብድሬ የሚጓዝ ሾፌር በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሞተሮች ይነዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መኪናው ያው ነው፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ግን ያው አይደለም። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የሳነቲ መንገድ 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሲያልፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ደሎ መና በአንጻሩ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ የከፍታ ልዩነት የእጅ ማርሽ ያላቸው መኪናዎች የፍሪሲዮን ምርመራ ላይ የሚያስከትለውን ስሕተት ማሳየትና ስሕተቱን የሚቀንስ የአሠራር ቅደም ተከተል ማቅረብ ነው።

ለጥያቄው መነሻ የሆነኝ አንድ ገጠመኝ ነው። የቤንዚን ሞተር ያለው፣ ብዙ ዓመት ያገለገለ የዘመድ ፒካፕ «ዳገት ላይ ይደክማል» ተብሎ እዚሁ ደጋ ላይ ወደ አንድ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ የተለመደውን ፈተና አደረገ፦ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ለቀቀ። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ፍሪሲዮኑ ደኅና ነው ተባለ፤ ፈተናውንም አብሬ የተመለከትሁት እኔ ተስማማሁ። መኪናው በማግሥቱ ጭነት ይዞ ሳነቲን እየተንፏቀቀ፣ ነገር ግን ሳይንሸራተት ተሻገረ። ከደሎ መና አልፎ ወደ ብድሬ በሚወስደው መንገድ፣ እዚህ ግባ በማይባል ዳገት ላይ፣ አራተኛ ማርሽ ገብቶ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፤ መኪናው ግን ባለበት ፍጥነት ቀረ። ሾፌሩ የቆላውን ሙቀት ወቀሰ። በኋላ ካምቢዮው ሲወርድ የተገኘው ከቮላኖው ጀርባ በሚገኘው ፓራኦሊዮ በኩል ዘይት የነካው፣ ፊቱ እንደ መስታወት ያበራ ሸራ ነበር። ይህ ጉዳት በአንድ ቀን የደረሰ አይደለም። ጋራዡ ውስጥ በተፈተነበት ሰዓትም እዚያው ነበረ። ፈተናው ለምን አላየውም?

ስለ ቃላትና ስለ አሠራር

በአገራችን ጋራዥ የሚነገረው ቋንቋ በብዛት ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ሚኒሞ፣ ፓራኦሊዮ። የኮሌጅ መማሪያ ደግሞ «ክላች» ይላል። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጋራዥ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ሁለቱን ቋንቋዎች ማስታረቅ ነው። እዚህ የጋራዡን ቃል መርጫለሁ፤ ምርመራው የሚካሄደው በእርሱ ነውና።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው በሰበቃ ብቻ ነው። ሁለቱም ገጾቹ በሸራ የተሸፈኑ ዲስክ፣ በቮላኖውና በፕሬዠር ፕሌቱ መካከል በሞላ ኃይል ተጨምቆ ይያዛል። ፔዳሉ ሲረገጥ ኩሽኔታው ሞላውን ይገፋል፣ ጭመቃው ይላላል፣ ዲስኩ ነፃ ይሆናል። ዲስኩ ሳይንሸራተት ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ የጥምዘዛ ጉልበት በአራት ነገሮች ብዜት ይወሰናል፦ በሞላው ጭመቃ፣ በሸራው የሰበቃ መጠን፣ በዲስኩ አማካይ ሬዲየስና በሁለቱ ገጾች ቁጥር። ልብ ሊባል የሚገባው በዚህ ብዜት ውስጥ አየር የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ፍሪሲዮን ሳነቲ ላይም ደሎ መና ላይም የመያዝ አቅሙ አንድ ነው። ሞተሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጉልበቱ ወደ ሲሊንደሩ በሚገባው የአየር ክብደት ይወሰናል። የችግሩ ሥር ይኸው ነው፤ አንደኛው ወገን ከከፍታ ጋር ይለዋወጣል፣ ሌላው አይለዋወጥም።

የከፍታው ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል፣ ተርቦ የሌለው፣ በባሕር ጠለል 200 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ የቤንዚን ሞተር እናስብ። አምራቾች ለፍሪሲዮን ከሞተሩ ጉልበት በላይ መጠባበቂያ ይሰጡታል። በምሳሌያችን የሞላው ጭመቃ 4,000 ኒውተን፣ የሰበቃው መጠን 0.3፣ አማካይ ሬዲየሱ 0.1 ሜትር ቢሆን፣ በሁለት ገጾች ሲባዛ 240 ኒውተን ሜትር ይወጣል። ይህም ሞተሩ ከሚሰጠው በ20 በመቶ ይበልጣል። አሁን ሸራው ዘይት ነክቶት ወይም በሙቀት ጠንክሮ የሰበቃው መጠን ወደ 0.19 ወረደ እንበል። አቅሙ 152 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ማለትም ፍሪሲዮኑ በማንኛውም ሚዛን የታመመ ነው።

የአየሩን እፍጋት ከከፍታና ከሙቀት ብናሰላ፣ በ15 ዲግሪ ሮቤ ላይ ከባሕር ጠለሉ 74 በመቶ ያህል፣ በ5 ዲግሪ ሳነቲ ላይ 63 በመቶ ያህል፣ በ28 ዲግሪ ደሎ መና ላይ 82 በመቶ ያህል ነው። የሞተሩ ጉልበት በዚሁ ልክ ይቀንሳል ብለን ብንወስድ፣ ሮቤ ላይ 148፣ ሳነቲ ላይ 126፣ ደሎ መና ላይ 164 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። 152 መሸከም የሚችለው የታመመ ፍሪሲዮን ሮቤ ላይ ይይዛል፤ ሳነቲ ላይ ይበልጥ ተመቻችቶ ይይዛል፤ ደሎ መና ላይ ግን ይንሸራተታል። ሾፌሩ የወቀሰው የቆላው ሙቀት በእርግጥ የአየሩን እፍጋት በጥቂቱ ዝቅ ስለሚያደርገው ለፍሪሲዮኑ ያገዘው እንጂ የጎዳው አይደለም።

ሮቤ ላይ በ148 እና በ152 መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ መሆኑ አንባቢን ሊያጠራጥር ይችላል። ነገር ግን 148 ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ፣ ከፍተኛ ጉልበቱን በሚሰጥበት ዙር ላይ ሲሆን የሚደርስበት ነው። ጋራዥ ውስጥ በእጅ ፍሬንና በሚኒሞ የሚደረገው ፈተና ወደዚያ ጫፍ ፈጽሞ አይደርስም። በሚኒሞ የሚዞር፣ በቀጭን አየር የሚሠራ ሞተር ከ152 በእጅጉ ያነሰ አቅም ያለው ፍሪሲዮን እንኳ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ መጥፋቱ የሚነግረን ፍሪሲዮኑ ከደከመው ሞተር እንደሚበረታ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ትንሽ የሚገርም ነው። ፍሪሲዮንን በፍጥነት የሚያስጨርሰው ደጋው ራሱ ነው። ጉልበቱ የቀነሰ ሞተር ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲነሣ ሾፌሩ ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል፣ ፍሪሲዮኑንም በግማሽ ረግጦ ለረዥም ጊዜ ይይዛል። በዚህ ጊዜ ሸራው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚተላለፈው ጥምዘዛ በሁለቱ ወገኖች የዙር ልዩነት ተባዝቶ የሚገኝ ነው። 120 ኒውተን ሜትር እየተላለፈ የዙሩ ልዩነት በደቂቃ 2,000 ቢሆን 25 ኪሎ ዋት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት እንደሚወስድ ለሚያውቅ ሰው፣ ስድስት ሰባት ምጣድ በአንድ ጊዜ አንዲት ዲስክ ላይ ተጥዶ ማለት ነው። ዳገት ላይ ለመቆም ፍሬን ከመርገጥ ይልቅ መኪናውን በፍሪሲዮን «አንጠልጥሎ» የመያዝ ልማድ ደግሞ ይህን እሳት ያለ አንዳች ጥቅም ያነድደዋል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ደጋ ሆኖ ሳለ፣ ጉዳቱን ከመርማሪው ዓይን የሚሸፍነውም ያው ደጋ ነው።

የጉልበት ማነስን ከመንሸራተት መለየት

ተቃራኒው ስሕተትም ከዚህ አያንስም፤ በገንዘብ ረገድ እንዲያውም የከፋ ነው። ሞተሩ በከፍታ፣ በስንዴ አጨዳ ወቅት አቧራ በደፈነው የአየር ፊልትሮ ወይም በነዳጅ ፊልትሮ መዘጋት ጉልበት ሲያጣ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ተብሎ ካምቢዮ ይወርዳል። ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ቀላል ሥራ አይደለም፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፤ በመኪናው የሚተዳደር ቤተሰብም አብሮ ይቆማል። አዲሱ ዲስክ ገብቶ መኪናው ያው እንደ ደከመ ሲወጣ የሚከተለውን ጭቅጭቅ ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለቱን የሚለየው መንገድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ፍሪሲዮኑ እስከያዘ ድረስ፣ በአንድ ማርሽ ላይ የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት ምጣኔ ቋሚ ነው፤ ጭነት፣ ዳገት፣ ከፍታ አይለውጠውም። ለምሳሌ የጎማው ሬዲየስ 0.33 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4.1፣ የሦስተኛ ማርሽ ምጣኔ 1.4 ቢሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ሲዞር መኪናው በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። በዳገት ላይ በዚሁ ዙር 47 ብቻ ከተነበበ 13 በመቶ ያህሉ ዙር በሸራው ላይ እየጠፋ ነው። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከወረዱ ግን ፍሪሲዮኑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከሞተሩ ወይም ከአየሩ ነው።

የማርሹን ምጣኔ ማወቅ እንኳ ግዴታ አይደለም። መኪናው ሜዳ ላይ፣ ነዳጁ በትንሹ ተሰጥቶ በሦስተኛ ማርሽ ሲሄድ ዙሩና ፍጥነቱ ይመዘገባል፤ ከዚያም በዚያው ማርሽ ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ እንደገና ይመዘገባል። ሁለቱ ምጣኔዎች ከተለያዩ መንሸራተት አለ። መኪናው ከራሱ ጋር ስለሚነጻጸር የፍጥነት መለኪያው ስሕተትም ሆነ የጎማው መበላት ውጤቱን አያዛባም። የዙር መቁጠሪያ በሌላቸው አሮጌ መኪናዎች ጆሮ ይተካል፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ መኪናው የማይከተል ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ልል ጠጠር ላይ ጎማው ራሱ ስለሚንሸራተት ፈተናው አስፋልት ላይ መደረግ አለበት። በሮቤና በጎባ መካከል ያለው መንገድ ለዚህ ይበቃል።

ከዚሁ ጋር ሦስት ማሻሻያዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ፈተናው ፍሪሲዮኑ ትኩስ ሆኖ ይደረግ። ብዙዎቹ ሸራዎች ሲግሉ ሰበቃቸው ይቀንሳል፤ ጠዋት በቀዝቃዛ መኪና የሚደረግ ፈተና ለታመመው ፍሪሲዮን ሁለተኛ ከለላ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ በሚኒሞ ሞተር ማጥፋት ቀርቶ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ፣ ከፍተኛ ጉልበት በሚሰጥበት ዙር አካባቢ፣ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ ይፈተን። ቆሞ የሚደረገውን ፈተና ደጋግሞ ማድረግ ደግሞ ከላይ የተሰላውን ሙቀት በገዛ እጅ መጨመር ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ደጋ ላይ የተገኘ «ማለፍ» እንደ መጨረሻ ፍርድ አይወሰድ። ሮቤ ላይ ያለውን ሞተር ከሚሰጠው በላይ እንዲሰጥ ማስገደድ አይቻልም። ስለዚህ የመኪናው መንገድ ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ፈተናው እዚያው ቆላ ላይ፣ ከጭነት ጋር፣ መደገም አለበት፤ ወይም የሸራው ውፍረት በሚታይበት የካምቢዮ ቀዳዳ በኩል በዓይን መረጋገጥ አለበት። በካቮ በሚሠራ ፍሪሲዮን ፔዳሉ ወደ ላይ ከፍ ብሎ «የሚይዝ» መሆኑ የሸራውን መሳሳት ይጠቁማል፤ በዘይት ግፊት በሚሠራውና ራሱን በራሱ በሚያስተካክለው ግን ይህ ምልክት ስለሚደበዝዝ በእርሱ ብቻ መመካት አይገባም።

የማይለያይ ፍሪሲዮን

እስካሁን የተነጋገርነው ስለማይዝ ፍሪሲዮን ነው። የማይለቅ ፍሪሲዮን ደግሞ ሌላ ነው፤ ከፍታ በእርሱ ላይ ያለው ተጽዕኖ አነስተኛ ሲሆን ብርድ ግን ያወሳስበዋል። በዲንሾ ወይም በጎባ ማለዳ ማርሽ አልገባ ሲል የካምቢዮው ዘይት በብርድ ወፍሮ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ፔዳሉ እንደ ተረገጠ መኪናው ወደፊት ከሳበ ዲስኩ ነፃ አልሆነም። ማርሹ ከብዶ ገብቶ መኪናው ካልሳበ፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም ከለሰለሰ ጥፋቱ የዘይቱ ነው። ፔዳሉን ጥቂት ሰኮንድ ረግጦ ከቆዩ በኋላ የኋላ ማርሽ ሲገባ መንጫጫቱም የዚሁ የአለመለያየት ምልክት ነው።

ዲስኩ ካልተለያየ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት የሚታየው ፔዳሉ ነው። ደጋግሞ ሲረገጥ የሚሻሻል ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም ከላይኛው ወይም ከታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ አልቆ ዘይት እያፈሰሰ ነው፤ ይህ ከውጭ የሚጠገን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ በመሆኑ ዓመታት የቆየ ዘይት የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል፤ ከሳነቲ ወደ ሐረና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ከፍሪሲዮኑ በፊት ፍሬኑን የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

ድምፅን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው፤ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው። መኪናው ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ዲስኩን ከመጠርጠር በፊት የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች ማየት ድካምን ይቀንሳል።

የአፈጻጸም ወሰን

ከላይ የቀረበው ሒሳብ ተርቦ ለሌላቸው ሞተሮች ነው። የሮቤንና የሲናናን ስንዴ የሚያመላልሱት ባለ ተርቦ የናፍጣ መኪናዎች አየሩን ጨምቀው ስለሚወስዱ ከፍታው የሚቀንስባቸው ጉልበት እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ የደጋውና የቆላው ፈተና ይቀራረባል። ነገር ግን ተርቦው ግፊት የሚሰጠው ዙሩ ከፍ ሲል በመሆኑ በሚኒሞ የሚደረገው ፈተና ለእነርሱም ያው ደካማ ነው፤ ዳገት ላይ ሲነሡም፣ ተርቦው ገና ሳይነቃ፣ ፍሪሲዮኑ የሚከፍለው ዋጋ እንደ ሌሎቹ ነው።

በጋራዥ የሥራ ካርድ ላይ «ፍሪሲዮን ደኅና» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። በምትኩ የተፈተነበት ቦታ፣ የማርሹ ቁጥር፣ የነዳጁ መጠን፣ ፍሪሲዮኑ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑ፣ መኪናው ባዶ ወይም ጭነት ያለው መሆኑ በአንድ መስመር ይመዝገብ። «ሮቤ፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ሚኒሞ፣ ቀዝቃዛ፣ ባዶ» የሚል ካርድ የያዘ ሾፌር ደሎ መና ላይ መኪናው ሲንሸራተትበት፣ የሚቀበለው መካኒክ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።